የኢትዮጵያና የኬንያ የቋሚ ካፒታል ኢንቨስትመንት፦ የዶላሩ ዓምድ ለምን ያሳስታል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ የኢትዮጵያንና የኬንያን የቋሚ ካፒታል ኢንቨስትመንት የ20 ዓመት ጉዞ ያነጻጽራል። የእያንዳንዱን ዓመት አኃዝ በዚያው ዓመት ምንዛሪ ወደ ዶላር ለውጬ በአንድ ሠንጠረዥ አስቀመጥኩ። ኢትዮጵያ ለዓመታት ከኬንያ በላይ ስትሄድ ቆይታ በ2017 በጀት ዓመት በአንድ ጊዜ ቁልቁል ወረደች። አማካሪዬ የመውረዷን ምክንያት እንድጽፍ ጠይቀውኛል፤ ምን ልጻፍ? በተጨማሪም በከተማችን በኩል የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡር ኢንቨስትመንት የሚመዘገበው በየትኛው ሀገር ሂሳብ ነው?

ምላሽ፦ ከአማካሪዎ ጥያቄ ልጀምር። በ2017 በጀት ዓመት ላይ ያዩት ቁልቁለት በአብዛኛው የምንዛሪ ተመን ለውጥ ውጤት ስለሆነ፣ ሠንጠረዡን ሳያስተካክሉ ምክንያት ወደ መጻፍ እንዳይሄዱ አጥብቄ እመክራለሁ። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ ለውጡ የመጣው የ2017 በጀት ዓመት ከገባ ገና ሦስት ሳምንት ሲሆነው ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ስለዚህ የ2016 አኃዝዎ የተካፈለው በአሮጌው ተመን ሲሆን፣ የ2017ቱ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በአዲሱ ተመን ተካፍሏል።

ስሌቱን ለማሳየት ያህል፣ የሀገሪቱ ትክክለኛ መጠን ያልሆኑ ሁለት ክብ ቁጥሮችን እንውሰድ። በአንድ ዓመት 1,000 ቢሊዮን ብር ለግንባታና ለማሽነሪ ቢውልና ዶላሩ 57 ብር ቢሆን፣ ኢንቨስትመንቱ 17.5 ቢሊዮን ዶላር ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት 1,300 ቢሊዮን ብር ቢውልና ዶላሩ 120 ብር ቢገባ፣ 10.8 ቢሊዮን ዶላር ይወጣል። በብር ሲታይ 30 በመቶ አደገ፤ በዶላር ሲታይ 38 በመቶ ወረደ። ድልድዩም ሆነ የተተከለው ተርባይን ምንዛሪው በተለወጠ ማግሥት አላነሰም።

የኬንያ ዓምድዎም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። ከ2016 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከ100 ሽልንግ ብዙ ሳይርቅ የቆየው የአንድ ዶላር ዋጋ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ 160 ሽልንግ ደርሶ በዚያው ዓመት አጋማሽ ወደ 130 ተመልሷል። የናይሮቢ ተቋራጮች ሥራቸውን ሳይቀንሱም ሳይጨምሩም ሠንጠረዥዎ አንድ ጊዜ ውድቀት፣ ወዲያው ደግሞ ማገገም ያሳያል ማለት ነው። በእኛም በኩል በ1985 ዓ.ም. ዶላሩ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲገባ፣ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ እንዲሁም ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ ተመሳሳይ ስብራቶች ተፈጥረዋል። እኔ ራሴ በዚህ ሙያ ስጀምር በዚሁ መንገድ ያዘጋጀሁትን ሥራ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ መልሰውልኝ ስለነበር፣ ስሕተቱ እንዴት እንደሚያታልል በደንብ አውቀዋለሁ።

ከዚህም የከፋው ነገር የዶላሩ ዓምድ እውነተኛውን ለውጥ የሚያሳየው በተሳሳተ ዓመት መሆኑ ነው። ኢንቨስትመንቱን በዶላር መለካት ትተው፣ በዚያው ዓመት ከተመዘገበው ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ውስጥ ምን ያህል በመቶ እንደሆነ ይመልከቱ። የኢትዮጵያ ምጣኔ በ2007 ዓ.ም. አካባቢ ወደ 40 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ ይህም በአፍሪካ ደረጃ እጅግ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየወረደ በ2014 ዓ.ም. ወደ ሩብ ደረሰ። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች እንደ ቀድሞው መበደር ተሳናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ማሽነሪ ማስገባትን አከበደ፤ ወረርሽኙና ጦርነቱ ተከታትለው መጡ። የኬንያ ምጣኔ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከ20 በመቶ አካባቢ ብዙም አልራቀም። ስለዚህ በሁለቱ ሀገሮች መካከል የነበረው ልዩነት የጠበበው የምንዛሪ ሥርዓቱ ከመለወጡ ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ነው።

ታዲያ የዶላር ሠንጠረዥዎ ይህን የረጅም ጊዜ መቀነስ ለምን አላሳየም? በእነዚያ ዓመታት የሀገር ውስጥ ዋጋ ብር ከሚዳከምበት ፍጥነት በላይ ይጨምር ስለነበር ነው። የዋጋ ንረቱ በአንዳንድ ወራት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ ሳለ ይፋዊው ተመን የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነበር። በዚህም ምክንያት በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ100 ቢሊዮን ዶላር በታች የነበረው የኢትዮጵያ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ከ150 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተመዘገበ። የኢንቨስትመንቱ ድርሻ እየቀነሰ፣ ድርሻው የሚሰላበት ምርት ግን በዶላር እየተነፋ ስለሄደ፣ በዶላር የተገለጸው ኢንቨስትመንት ባለበት የቆመ፣ እንዲያውም ትንሽ ያደገ መሰለ። ከዚያም ተመኑ በ2017 በጀት ዓመት ሲስተካከል፣ ለዓመታት የተሸፈነው ሁሉ ከተመን ለውጡ ጋር ተደራርቦ በአንድ ዓመት ወረደ። ለአማካሪዎ ሊጽፉ የሚገባው ምክንያት ይኼ ነው፤ በቂ ማስረጃም አለዎት።

እንግዲህ ሠንጠረዡ እንደ አዲስ ሲሠራ፣ መጀመሪያ በሁለቱም ሀገሮች አንድ ዓይነት መስመር መውሰድዎን ያረጋግጡ። የሚፈልጉት ጠቅላላ የቋሚ ካፒታል ምሥረታ የሚባለውን ነው። «ቋሚ» የሚለው ቃል የሌለበት ጠቅላላ የካፒታል ምሥረታ በመጋዘን የተከማቸ ዕቃንም ይጨምራል። «ጠቅላላ» መባሉ የእርጅና ቅናሽ እንዳልተነሣለት ያመለክታል። ብዙ ተማሪዎቼ የሚሳሳቱት ግን ከዚህ ቀደም ብሎ፣ «ኢንቨስትመንት» የሚለውን ቃል በገበያ እንደምንናገረው ሲረዱት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

በብሔራዊ ሂሳብ አሠራር ቋሚ ካፒታል የሚባለው ተመርቶ የተገኘና በምርት ሥራ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ የሚያገለግል ንብረት ነው። ከሳቢያን እስከ መጋላ ሰው የሚያመላልስ ባጃጅ ቋሚ ካፒታል ሲሆን፣ ባለቤቱ ቤተሰቡን ብቻ የሚያንቀሳቅስበት የቤት መኪና ግን የቤተሰብ ፍጆታ ነው። በሐረር ጁገል ውስጥ የቆየ ቤት የገዛ ሰው ብዙ ገንዘብ ቢያወጣም ቤቱ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ስለተላለፈ ብቻ አዲስ ካፒታል አልተፈጠረም፤ የዕድሜውን ዘመን የሚያራዝም ትልቅ እድሳት ካደረገለት ግን የእድሳቱ ወጪ ይቆጠራል። መሬት ራሱ አይቆጠርም፤ እርከንና የመስኖ ቦይ ይቆጠራሉ። በዓመት በዓመቱ የሚለቀም የቡና ወይም የጫት ተክል ተተክሎ ለምርት እስኪደርስ የሚወጣው ወጪ እንኳ የቋሚ ካፒታል ምሥረታ ነው። የሐረርጌ ገበሬ በሬ ደግሞ ጉዳዩን ከማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ የተሻለ ያስረዳል፦ በሬው እያረሰ እስካለ ድረስ ቋሚ ካፒታል ነው፤ ከእርሻ ወጥቶ ለሽያጭ ሲቀለብና ሰንጋ ሲሆን ግን ወደ ክምችት ይዛወራል።

ከዚህ የሚከተል አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የኢንቨስትመንት ፈቃድ ሲወጣ የተመዘገበ ካፒታልን፣ ከውጭ የገባ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንትንና የቋሚ ካፒታል ምሥረታን እንደ አንድ ነገር እንዳያዩ። ፈቃድ የወሰደ ሁሉ አይገነባም። የውጭ ቀጥተኛ ኢንቨስትመንት ደግሞ የገንዘብ ፍሰትን እንጂ የተሠራ ንብረትን አይለካም። ሁለቱን ሀገሮች የሚያገናኝ ጥሩ ምሳሌ አለ፤ በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ ለማግኘት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ፈቃዱ በምርት ሂደት የተፈጠረ ንብረት ስላልሆነ ክፍያው በኢትዮጵያ ቋሚ ካፒታል ውስጥ አይገባም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ያቆማቸው ማማዎችና ያስገባቸው መሣሪያዎች ግን ይገባሉ፤ የሚገቡትም ባለቤቱ የየትም ሀገር ሰው ቢሆን በኢትዮጵያ ሂሳብ ነው።

ከትርጉሙ ቀጥሎ የጊዜ አቆጣጠሩን ማስተካከል ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ሂሳብ በበጀት ዓመት፣ የኬንያው ደግሞ መንግሥታቸው በጀቱን ከጁላይ እስከ ጁን ቢይዝም ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው የሚዘጋጀው። ስለዚህ የኬንያን 2017 እ.ኤ.አ. ማነጻጸር ሲፈልጉ የኢትዮጵያን የ2009 በጀት ዓመት ግማሽና የ2010 በጀት ዓመት ግማሽ ደምሮ መውሰድ የተሻለ ነው። ፍጹም ባይሆንም ስድስት ወር ከማዛባት ይሻላል። በሠንጠረዡ ላይ «2017» ብለው ብቻ እንዳይጽፉም አደራ፤ አንባቢ የእኛን ይሁን የፈረንጆቹን በምን ይለያል?

መሠረተ ዓመቱም፣ ማለትም ስሌቱ መነሻ የሚያደርገው ዓመት፣ እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኬንያ በ2014 እ.ኤ.አ. መሠረተ ዓመቷን ወደ 2009 እ.ኤ.አ. ስታሻግር የጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርቷ ግምት በሩብ ያህል አድጓል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ መሠረተ ዓመቱን ወደ 2016 እ.ኤ.አ. አዛውራዋለች። ተካፋዩ በተመሳሳይ መጠን ሳያድግ አካፋዩ በአንድ ሌሊት ሲያድግ፣ የኢንቨስትመንት ምጣኔው የወረደ ይመስላል። ኢትዮጵያም 2003ን ከዚያም 2008 ዓ.ም.ን መሠረተ ዓመት አድርጋለች። አሮጌውንና አዲሱን ተከታታይ ጎን ለጎን ከመቀጠል ይልቅ፣ ሁለቱም ባሉበት አንድ የጋራ ዓመት ላይ አገናኝተው የአሮጌውን ዕድገት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል።

ይህ ከተደረገ በኋላ የትኛውን መለኪያ እንደሚመርጡ የሚወስነው ጥያቄዎ ነው። «ከዓመታዊ ምርቷ የትኛዋ ሀገር የበለጠውን ለግንባታና ለመሣሪያ አዋለች?» ብለው ከጠየቁ፣ በወቅቱ ዋጋ የተሰላው ምጣኔ በቂ ነው፤ ምንዛሪም አያስፈልገውም። ነገር ግን ምጣኔውም ቢሆን የራሱ ወጥመድ አለው። ብር በይፋዊው ተመን ከልክ በላይ ውድ በነበረበት ዘመን ከውጭ የገባ ማሽን በብር ሲመዘገብ ረክሶ ይታይ ነበር። ተመኑ ከተስተካከለ በኋላ ያው ማሽን በብር ሁለት እጥፍ ያወጣል። በመሆኑም አንድ ተጨማሪ ማሽን ሳይገባ ምጣኔው ከፍ ሊል ይችላል። በ2017 እና ከዚያ በኋላ በሚያዩት አኃዝ ላይ ይህን ሳያጣሩ ኢንቨስትመንት አገገመ ብለው እንዳይጽፉ።

«የትኛዋ ፈጥና አደገች?» የሚል ከሆነ ደግሞ፣ የየሀገሩን በቋሚ ዋጋ (የዋጋ ጭማሪ ተቀንሶለት) የተዘጋጀ ተከታታይ በራሱ ገንዘብ ወስደው የመጀመሪያውን ዓመት 100 በማድረግ ሁለቱን ኢንዴክሶች በአንድ ገጽ ላይ ይሳሉ። እዚህ ላይ የዋጋ ማስተካከያው የራሱ የኢንቨስትመንት መሆን አለበት። የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ የሚገዛውን የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ ለሲሚንቶ፣ ለብረትና ለጄነሬተር መጠቀም ከዶላሩ ስሕተት የማይተናነስ ስሕተት ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጠን ንጽጽር ነው፤ ማለትም በአንድ በተወሰነ ዓመት ኬንያ ወይስ ኢትዮጵያ ብዙ ካፒታል ፈጠረች የሚለው። ለዚህ የመግዛት አቅም ንጽጽር፣ ማለትም ተመሳሳይ ዕቃ በየሀገሩ ስንት እንደሚያወጣ የሚያነጻጽር ስሌት፣ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የንጽጽር ፕሮግራም ለ2011፣ ለ2017 እና ለ2021 እ.ኤ.አ. ይህን አዘጋጅቷል። የሚወስዱት ግን ለቋሚ ካፒታል ለብቻው የተሰላውን ይሁን፤ ለጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት የተሰላውን አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በድሀ ሀገር ፀጉር መቆረጥ፣ ምግብ ቤት መብላትና የቤት ኪራይ ከበለጸገው ዓለም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው፤ ኤክስካቫተር ግን በናይሮቢም ሆነ በድሬዳዋ የሚገዛው በዓለም ዋጋ ነው፣ የመርከብና የጭነት ወጪው ሲጨመርበት እንዲያውም ይወደዳል። ግንባታ በመሃል ነው፤ የግንበኛውና የቀን ሠራተኛው ክፍያ ሲያረክሰው ብረቱና መስታወቱ ያስወድደዋል። ስለዚህ የጠቅላላ ምርቱን የመግዛት አቅም ማስተካከያ ለማሽነሪ ከተጠቀሙ፣ የሁለቱንም ሀገሮች ኢንቨስትመንት ያጋንናሉ። በነፍስ ወከፍ ማስላት ካስፈለገዎት ደግሞ የኬንያ ቆጠራ በ2019 እ.ኤ.አ. የተካሄደና 47.6 ሚሊዮን ሕዝብ የቆጠረ ሲሆን፣ የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደ በመሆኑ አኃዙ ትንበያ መሆኑን በግርጌ ይጻፉ።

ወደ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ስንመጣ፣ ኢንቨስትመንት የሚመዘገበው ሥራው በተሠራበት ዓመት እንጂ ሪባን በተቆረጠበት ዓመት አይደለም። የታላቁ የኅዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀምጦ ምርቃቱ የተከናወነው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወጪው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ላይ ተበትኖ ስለተመዘገበ፣ በምርቃቱ ዓመት ዝላይ ቢጠብቁ አያገኙም። የሞምባሳ–ናይሮቢው ባቡርም እንዲሁ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ቢመረቅም ካፒታሉ የተመዘገበው በግንባታው ዓመታት ነው። እርሱም 480 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄድ የናፍጣ መስመር ሲሆን የእኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ስለዚህ በኪሎ ሜትር የወጣውን ዶላር ብቻ አስቀምጠው የትኛው ሀገር ቆጣቢ እንደነበር እንዳይፈርዱ።

በመጨረሻ ስለ ጅቡቲው ባቡር የጠየቁትን ልመልስ። በብሔራዊ ሂሳብ ሕግ ሕንፃና መስመር የሚቆጠረው በተተከለበት ምድር ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚሆነው መስመር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ድሬዳዋን አልፎ እስከ ደወሌ ያለው በኢትዮጵያ፣ ከደወሌ ማዶ እስከ ወደቡ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ በጅቡቲ ቋሚ ካፒታል ውስጥ ይገባል። አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር መገኘቱና ተቋራጮቹ የቻይና ኩባንያዎች መሆናቸው ይህን አይለውጠውም፤ ብድሩ የሚታየው በሌላ ሂሳብ፣ በዕዳው በኩል ነው። የድሮው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ የተመሠረተችበትን ያህል፣ አዲሱ መስመር ለጅቡቲ ትንሽ ኢኮኖሚ ትልቅ ክብደት አለው። አንድ ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ባላት ሀገር 100 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመርና በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ በተከታታይ ዓመታት ሲገነቡ፣ የኢንቨስትመንት ምጣኔው ወደ ላይ ይዘልና ግንባታው ሲያልቅ ይወርዳል። ጅቡቲን እንደ ሦስተኛ ሀገር ለመጨመር ካሰቡ የአንዱን ዓመት አኃዝ ትተው የአምስት ዓመት አማካይ ይውሰዱ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ177.721 ፍራንክ ከዶላር ጋር ተቆራኝቶ ስለቆየ፣ በእርሷ ዓምድ ላይ ወደ ዶላር መለወጥ የእኛንና የኬንያን ዓምድ እንደሚሰብረው አይሰብረውም። ሦስቱን በአንድ የዶላር ገጽ ላይ ቢያስቀምጧቸው ግን የጅቡቲ መስመር የተረጋጋ፣ የእኛ የተንኮታኮተ መስሎ ስለሚታይ፣ ያን ገጽ ከጽሑፍዎ ያውጡት።